ጻይ ዩዋንፔይና የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

ጃንዋሪ 4 ቀን 1917 አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን ለመረከብ ወደ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ መጡ። ዘበኞቹና አሽከሮቹ እንደ ደንቡ በበሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበርና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ቀድሞ የነበሩት ሹማምንት እንዲህ ላለው ሰላምታ ዞር ብለው እንኳ አያዩም ነበር። እኚህ ሰው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና በተራቸው ለዘበኞቹ እጅ ነሡ። ያን ቀን በግቢው የነበረ ሁሉ ተገረመ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የዩኒቨርሲቲው ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይህ ነገር ሳይነሣ አይቀርም።

ሰውዬው ጻይ ዩዋንፔይ ናቸው። በቻይና አገር ስማቸው እጅግ የታወቀ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ገና ብዙ አልተነገረላቸውም። ተማሪዎች በራሳቸው ሐሳብ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መጽሔት እንዲያወጡ፣ ያልተማረውንም እንዲያስተምሩ ማደፋፈር ምን ማለት እንደ ሆነና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የእኚህን ሊቅ ሕይወት ቢመለከት ብዙ ነገር ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጻይ የተወለዱት በ1868 በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር በሻውሺንግ ከተማ ነው። አባታቸው የአንድ ገንዘብ ማበደሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ልጃቸው ዐሥር ዓመት ያህል ሲሆነው ስለ ሞቱ እናትየው በችግር አሳደጓቸው። በዚያ ዘመን በቻይና ሹመት የሚፈልግ ሰው የኮንፉሺየስን መጻሕፍት በቃሉ ይዞ በየደረጃው የመንግሥት ፈተና ማለፍ ነበረበት። የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን ሲከታተል ዕድሜው እንደሚያልፍ ሁሉ በቻይናም ጠጉሩ ሸብቶ ሳለ ገና በታችኛው ደረጃ የሚወድቅ ብዙ ነበር። ጻይ ግን በ1892 ገና በ24 ዓመታቸው የመጨረሻውን ማዕርግ አግኝተው ሐንሊን በሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ የሊቃውንት ጉባኤ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ሹመቱ በየጊዜው እየጨመረ በደኅና እርጅና ይጦሩ ነበር።

ነገር ግን ቻይና በ1895 በጃፓን ተሸነፈች። በ1898 ደግሞ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት አገሪቱን ለማሻሻል ያወጡት ዐዋጅ ከመቶ ቀን ያህል በኋላ በእቴጌ ጺሺ እጅ ታፈነ። ጻይ ነገሩን ሲመረምሩት ለውጡ የከሸፈው ሥራውን የሚያካሂዱ ሰዎች አስቀድመው ስላልተዘጋጁ መሆኑን ተረዱ፤ ስለዚህ የቤተ መንግሥቱን ማዕርግ ትተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱና የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ለሐንሊን ሊቅ ይህ ከሰገነት ወደ ጓዳ እንደ መውረድ ነበር።

በ1901 በሻንጋይ ናንያንግ በሚባለው ኮሌጅ የአንድ ልዩ ክፍል መምህር ሆኑ። የማስተማር ዘዴያቸው በጊዜው ያልተለመደ ነበር። ተማሪው የሚመራመርበትን ጉዳይ ራሱ መርጦ ያነብባል፤ ያነበበውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፋል፤ ጻይ ደብተሩን አርመው ይመልሱለታል፤ ማታ ማታም ጥቂት ጥቂቱን በተራ ወደ ክፍላቸው እየጠሩ ያነጋግሯቸዋል። በዚህ ዓይነት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በኖቬምበር 1902 በሌላ ክፍል አንድ ትንሽ ነገር ተነሣ። ተማሪዎቹን በማስጨነቅ የታወቀ አንድ መምህር ወደ ክፍሉ ሲገባ በወንበሩ ላይ የቀለም ጠርሙስ ተቀምጦ አገኘ። በዚህ የተነሣ አንድ ተማሪ ተባረረ፤ የክፍል ጓደኞቹ ፍርዱ ልክ አይደለም ብለው ተቃወሙ፤ ኮሌጁም ክፍሉን በሙሉ አባረረ። ያን ጊዜ ከ200 በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ጓዛቸውን ሸክፈው ለመውጣት ቆረጡ። ጻይ በመካከል ገብተው ለማስታረቅ ብዙ ደከሙ፤ ኮሌጁ እንቢ ባላቸው ጊዜ እሳቸውም ሥራቸውን ለቀው ከተማሪዎቹ ጋር ወጡ።

መምህር ከተማሪ ጋር አብሮ መውጣቱ ብቻውን ትልቅ ነገር አይደለም፤ ለአንድ ቀን ጀግና መሆን ብዙ ሰው ይችለዋል። ትልቁ ነገር በማግሥቱ የመጣው ነው። ሁለት መቶ ወጣት ያለ ማደሪያና ያለ ትምህርት በሻንጋይ መንገድ ላይ ሊቀር ነበርና፣ ጻይ ሊቀመንበር የነበሩበት የቻይና የትምህርት ማኅበር የአርበኝነት ትምህርት ቤት የተባለውን በችኮላ አቋቋመ። መምህራኑ በነፃ አስተማሩ፤ በዕውቀት የበለጡት ተማሪዎች የታችኞቹን ያስተምሩ ነበር፤ ግቢውንም የሚያስተዳድሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የጎደለው ገንዘብ ነው። ጻይ ብድር ለመጠየቅ ወደ ናንጂንግ ሊሄዱ መርከቡ ዘንድ በደረሱበት ሰዓት የበኩር ልጃቸው መሞቱን የሚነግር ሰው መጣ። ጻይ አለቀሱ፤ የቀብሩን ነገር ለወዳጃቸው አደራ ሰጡና መርከቡ ላይ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ 6,000 ዩዋን ይዘው ተመለሱ። ይህን ያነበበ ሰው ትክክል አደረጉ ወይስ አላደረጉም ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ እኔ በበኩሌ መፍረድ አልቻልኩም።

ያም ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። በ1903 ተማሪዎቹና የመሠረታቸው ማኅበር ማን የማን ነው በሚል ክርክር ተጣሉ፤ ጻይ ሁለቱንም ትተው ጀርመንኛ ለመማር ወደ ቺንግዳው ሄዱ፤ ጥቂት ቆይቶም መንግሥት ከትምህርት ቤቱ ጋር ወዳጅነት የነበረውን ጋዜጣ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱም ተበተነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጻይ ንጉሠ ነገሥታዊውን መንግሥት ለመጣል በምሥጢር ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ተባብረው ነበር። ይህ ለዘበኛ ባርኔጣ የሚያወልቅ ጨዋ ሰው ፈንጂ ለመቀመም የኬሚስትሪ ሙከራ ከሚያደርጉት መካከል ነበረ ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን እውነት ነው።

በ1907 ወደ ጀርመን አገር ተሻገሩ። ዕድሜያቸው አርባ ከሞላ በኋላ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ከልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው የቩንትን የሥነ ልቡና ትምህርትና የላምፕሬኽትን የታሪክ ትምህርት ተከታተሉ። መምህሩ ያመነበትን በነፃ የሚያስተምርበትን፣ ተማሪውም የሚሻውን መርጦ የሚማርበትን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩት በዚያ ነው። በ1911 የቻይና አብዮት ተነሥቶ ሪፐብሊክ ሲቋቋም የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ሆነው በጃንዋሪ 1912 ተሾሙ፤ ነገር ግን በዩዋን ሺካይ መንግሥት ውስጥ መቀጠል ስላልቻሉ በጁላይ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይ አገር ኖሩ፤ ድኻ የቻይና ወጣቶች እየሠሩ የሚማሩበትን መንገድ ከሚያዘጋጁት ሰዎች ጋር ደከሙ። በ1916 መጨረሻ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲን እንዲመሩ ሲጠሩ አገር ቤት ገቡ።

ዩኒቨርሲቲው በ1898 ሹማምንትን ለማዘጋጀት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተመሠረተ ነበር፤ ሪፐብሊክ ከመጣም በኋላ ጠባዩ አልተለወጠም። ብዙዎቹ ተማሪዎች የባለሥልጣን ልጆች ነበሩ፤ አሽከሮቹ ጌታው እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በመምህራንም መካከል የሚወደደው ዕውቀት ያለው ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹመት ያለው ነው፤ ተማሪው ሲመረቅ ደጅ የሚጠናው እሱን ነበርና። ሌሊቱ በቁማርና በዝሙት ቤት ያልፋል። ወዳጆቻቸው በዚህ ጭቃ ውስጥ ገብተው ስማቸውን እንዳያጎድፉ የመከሯቸው ነበሩ፤ ጥቂቶች ግን ባይሳካላቸው እንኳ መሞከር እንደሚገባቸው አስረዷቸው። ጻይ የጥቂቶቹን ምክር ተቀበሉ። ገብተው ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግርም ዩኒቨርሲቲ የከፍተኛ ምርምር ቦታ መሆኑን፣ ሹመትና ሀብት የሚፈልግ ሰው ሌላ የሚሄድበት ትምህርት ቤት እንደማይታጣ ለተማሪዎቹ ገለጹላቸው።

መምህራኑን የመረጡት በዕውቀታቸው ብቻ ነው። የአዲሱ አስተሳሰብ መሪ የነበሩትን ቼን ዱሹን የሥነ ጽሑፍ ክፍል ዲን አደረጉ፤ ሊ ዳጃው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኑ፤ ሁ ሺ ከአሜሪካ እንደ ተመለሱ በ25 ዓመታቸው ፕሮፌሰር ተባሉ። የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ ያልነበራቸውን የ24 ዓመት ወጣት ሊያንግ ሹሚንግን የሕንድ ፍልስፍና እንዲያስተምሩ ጠሯቸው። በዚያው ላይ ንጉሡ ይመለሱ የሚሉትን፣ የጠጉር ጉንጉናቸውን አልቆርጥም ያሉትን ጉ ሆንግሚንግን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ አድርገው አቆዩ። ተማሪው ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ፈጽሞ የሚቃረኑ ሁለት ትምህርቶች ይሰማል፤ የትኛው እንደሚበልጥም ራሱ አስቦ መፍረድ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጻይ እንደ ገቡ ካስተዋሉት ነገር አንዱ ተማሪ ለፕሬዚዳንቱ ሲጽፍ የበታች ሹም ለበላይ በሚያቀርበው የአቤቱታ ቋንቋ መጻፉ ነበር። ይህ ቀርቶ ተማሪ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ደብዳቤ እንዲጽፍ በማስታወቂያ አስታወቁ። ከኖቬምበር 1917 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲው በየቀኑ የሚወጣ ጋዜጣ አቋቋመና የተማሪዎች ሐሳብና የፕሬዚዳንቱ መልስ በዚያ ታትሞ ሁሉ ያነበው ጀመር። በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። በመዝገብ ቤት ገብቶ የሚቀር ማመልከቻና በማግሥቱ በጋዜጣ መልስ የሚያገኝ ማመልከቻ የሚጽፋቸው አንድ ሰው አይደለም፤ የመጀመሪያውን የሚጽፍ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ የሚከተለው ነው። በተማሪዎች ማደሪያ የሚያገለግል አንድ ሠራተኛ ከሥራው በተረፈው ሰዓት መጽሐፍ እያነበበ ራሱን ያስተምር ነበር። ይህን ያዩ ተማሪዎች ተሰብስበው ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ። ጻይ ሰውዬውን ወደ ጽሕፈት ሥራ አዛወሩት፤ ነገሩንም በአንድ ሰው ብቻ አላቆሙትም። በኤፕሪል 1918 ለዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከሁለት መቶ በላይ አሽከሮችና ዘበኞች ገቡበት፤ የሚያስተምሯቸውም ተማሪዎቹ ነበሩ። አምና ጌታው ይባል የነበረው ልጅ ዘንድሮ ውሃ ለሚቀዳለት ሰው ፊደል አስቆጠረ። በእኔ ግምት የዚያን ዩኒቨርሲቲ መለወጥ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ሐሳቡ ከተማሪዎች መጣ፤ ክፍሉን፣ ጠመኔውንና ፈቃዱን የሰጡት ግን ፕሬዚዳንቱ ነበሩ።

በ1918 ማኅበር በማኅበር ላይ ተነሣ። ቁማርን፣ ዝሙትንና ቅምጥ ማስቀመጥን ለመተው ቃል የሚገባበት የመልካም ጠባይ ማኅበር በጃንዋሪ ወር ተቋቋመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ400 በላይ መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ገቡበት። ከዚህ የበለጠ ለመሄድ ለሚፈልግም ሹመትን፣ ሲጋራን፣ መጠጥንና ሥጋን የመተው ደረጃ ነበረው። የሥዕል ማኅበሩን ወጣቱ ሠዓሊ ሹ ቤይሆንግ ያስተምር ነበር። የሙዚቃ ማኅበርም ነበረ። የጋዜጠኝነት ጥናት ማኅበር በኦክቶበር ሲከፈት ሊቀመንበሩ ጻይ ራሳቸው ነበሩ፤ በቤተ መጻሕፍቱ በወር ስምንት ዩዋን ደመወዝ ይሠራ የነበረው ማኦ ዜዱንግም ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ተማሪዎች የቁጠባ ባንክና የሸማቾች ኅብረት ሱቅ አቋቋሙ። አንዳንዱ ማኅበር ወዲያው ፈረሰ፤ አንዳንዱ ስብሰባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጻይ ይህን ያውቁ ነበር፤ ፈራሽ ይሆናል ብለው ግን አስቀድመው አልከለከሉም። ቁማርና ዝሙት በዐዋጅ እንደማይጠፉ፣ ወጣቱ የተሻለ የሚያስደስተው ነገር ሲያገኝ ግን ራሱ እንደሚተዋቸው ያምኑ ነበርና።

ከሁሉ የበለጠ ዝና ያተረፉት መጽሔቶቹ ናቸው። ፉ ሲኒየንና ሉዎ ጂያሉን የተባሉ ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር መጽሔት ለማውጣት ሲያስቡ ገንዘብም ቦታም አልነበራቸውም። ዩኒቨርሲቲው የማሳተሚያውን ወጪ ቻለ፤ ሊ ዳጃው ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ሰጧቸው፤ አዲስ ሞገድ የተባለው መጽሔትም ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 ወጣ። በዚያው ወር ሌሎች ተማሪዎች ስለ አገር ጉዳይ የሚጽፍ መጽሔት አወጡ፤ ጻይ መቅድሙን ጻፉላቸው። በማርች ወር ደግሞ የጥንቱ ቋንቋና ሥርዓት አይነካ የሚሉት ተማሪዎች በተራቸው የራሳቸውን መጽሔት አወጡ፤ እነሱንም የከለከላቸው የለም። ብዙ አለቆች ተማሪን አደፋፍራለሁ ሲሉ እነሱን የሚመስለውን ተማሪ ማለታቸው ነው፤ የጻይ ልዩነት እዚህ ላይ ነበር።

የቁጣው ደመና ወዲያው መጣ። በዚያው የጸደይ ወራት የትምህርት ሚኒስትሩ አዲስ ሞገድን እንዲያስታግሡ ጻይን አሳሰቡ። ስመ ጥሩው ደራሲ ሊን ሹ ዩኒቨርሲቲው የኮንፉሺየስን ሥርዓት ያፈርሳል ብለው በጋዜጣ ከሰሱ። ጻይ በዚያው በጋዜጣ በትዕግሥት መለሱ፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ልዩ ልዩ ሐሳብ ጎን ለጎን ሊኖር እንደሚገባ፣ መምህርም የሚመረጠው በዕውቀቱ እንደ ሆነ ካስረዱ በኋላ የጠጉር ጉንጉን ያለው መምህር በዩኒቨርሲቲው እንዳለ ማንም ሳይቃወም መቆየቱን አስታወሱ። በአዲስ ሞገድ ምክንያት አንድም ተማሪ አልተነካም።

በማርች 1919 ደግሞ ተማሪዎች ለተራው ሕዝብ ንግግር የሚያደርግ ቡድን መሠረቱ። በቤይጂንግ በየቤተ መቅደሱ በሚቆመው ገበያ እየተገኙ ስለ ጤንነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ አገር ይናገሩ ነበር፤ በ1920 ወደ ገጠርም ወጡ። ሁሉም እንዳሰቡት አልሆነላቸውም። ቻንግሺንዲየን ወደ ተባለው የባቡር ሠራተኞች መንደር የሄዱት ባንዲራ ሰቅለው፣ ግራሞፎን አስጩኸው ንግግር ቢጀምሩ የመጡት ጥቂት ልጆችና ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጥቂት ቃል ሰምተው ሄዱ። ተማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ በሪፖርታቸው ጻፉት። ግራሞፎኑን ያየ ሕዝብ ዘፈኑን እንጂ ንግግሩን ለመስማት አልመጣም ነበርና! ነገር ግን እየተመላለሱ ሠራተኞቹን ሲለምዱ በዚያው መንደር የሠራተኞች ትምህርት ቤት ለመክፈት በቁ።

ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ትልቁ ፈተና መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በቬርሳይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ጀርመን በሻንዶንግ የነበራትን መብት ለቻይና መመለስ ሲገባቸው ለጃፓን ሰጡት። ሜይ 4 ቀን 1919 ከ13 ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 3,000 ያህል ተማሪዎች በቲያንአንመን አደባባይ ተሰበሰቡ፤ ለጃፓን አድልቷል ወደሚሉት ወደ ሚኒስትሩ ወደ ጻው ሩሊን ቤት ሄዱ፤ ቤቱም ተቃጠለ። ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ታሰሩ። ጻይ የሌሎቹን ኮሌጆች ኃላፊዎች አስተባብረው ዋስ በመሆን ወዲያና ወዲህ ሮጡ፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተፈቱ። ሜይ 9 ቀን ግን ጻይ ለማንም ሳይናገሩ ከቤይጂንግ ወጡ። ትተውት የሄዱት አጭር ማስታወሻ አንድ ጥንታዊ ተረት የሚያመለክት ነበር፤ በመንገድ ዳር የቆሙት ልጆች ሲያጨበጭቡለት ፈረሱን እያስጋለበ ስለሚገድል ሰው የተነገረ ነው። ፈረሱ ማን ነው፣ ልጆቹስ እነማን ናቸው የሚለውን አንባቢው ሁሉ በየፊናው ተረጎመው፤ ድካማቸውን ግን ማንም አልሳተውም።

ተማሪዎቹና መምህራኑ ይመለሱልን ብለው ለመንግሥት አመለከቱ። አድማው ወደ ሻንጋይ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ተዛመተ፤ በጁን ወር ተማሪዎቹ የከሰሷቸው ሦስት ባለሥልጣኖች ተሻሩ፤ ቻይናም የቬርሳይን ውል ሳትፈርም ቀረች። ጻይ በሴፕቴምበር ተመለሱ። ተማሪዎቹ ያገር ፍቅር ማሳየታቸውን አመሰገኑ፤ ነገር ግን ትምህርት በየጊዜው መቋረጡ ብዙ ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ የተማሪ ዋና ሥራ ምርምር መሆኑን አልሸሸጉም። ይህ ሁለቱንም ወገን ያላስደሰተ አነጋገር ነበር።

ያም ሆኖ በሩን መልሰው አልዘጉም። በጃንዋሪ 1920 ተማሪዎች ለጎረቤቱ ሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ጻይ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዲገቡ የጋንሱ ልጅ ዴንግ ቹንላን በሜይ 1919 ጽፋላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ሲጻፍ እሳቸው ከከተማው ወጥተው ነበር። ከተመለሱ በኋላ ግን የሚኒስቴሩን ደንብ አገላብጠው ቢያዩ ወንድ ብቻ ይግባ የሚል ቃል አላገኙበትም። ደንቡ ካልከለከለ ማን ይከለክላል ብለው በ1920 መጀመሪያ ዘጠኝ ሴቶች ተቀበሉ፤ ዴንግ ቹንላንም አንዷ ነበረች። ስንት ሹም ያንኑ ደንብ አንብቦ ሴቶች ይግቡ የሚል ቃል አላገኘሁበትም ብሎ ይመልስ ነበር!

በ1922 ደግሞ እንዲህ ሆነ። ታትሞ ለሚታደለው የትምህርት ጽሑፍ ተማሪው እንዲከፍል የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ወሰነ። በኦክቶበር ወር ብዙ ተማሪዎች ወደ ሒሳብ ክፍሉ እየጮኹ መጡ። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ጂያንግ ሜንግሊን በኋላ እንደ ጻፉት፣ የ54 ዓመቱ ጻይ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጡና መምህራንን የሚነካ ካለ መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር እንዲጋጠም ጠየቁ። ደፍሮ የቀረበ የለም። ጻይ በዚያው ቀን ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ከብዙ ልመና በኋላ ተመለሱ። ክፍያው ለጊዜው ቀረ፤ አንድ ተማሪ ግን ተባረረ፤ ልጁም የረብሻው መሪ አልነበረም። ደራሲው ሉ ሹን ሌሎቹ በክፍያው መቅረት ሲጠቀሙ ስለ ተባረረው ልጅ የሚያስታውስ እንደሌለ በጊዜው ጽፈዋል። በቀለም ጠርሙሱ ነገር ከተማሪዎች ጋር የወጡት ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ፍርድ ማሳለፋቸው ያሳዝናል።

በጃንዋሪ 1923 መንግሥት በፍርድ ሥራ ውስጥ እጁን ስላገባ በተቃውሞ ከዩኒቨርሲቲው ወጡ፤ ስማቸው በፕሬዚዳንትነት ጥቂት ዓመታት ቢቆይም ተመልሰው አላስተዳደሩትም። በ1927 የኩዎሚንታንግ ፓርቲ ኮሙኒስቶችን ለማስወገድ ዘመቻ ሲጀምር ከደገፉት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ፤ በዚያ ዘመቻ የሞቱት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። የሕይወታቸውን ታሪክ የሚጽፉላቸው ሰዎች ይህን ገጽ ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። በ1928 የቻይና የሳይንስ አካዳሚ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጃፓን ማንቹሪያን በወረረች ጊዜ ተማሪዎች መንግሥት ለምን አይዋጋም እያሉ ወደ ናንጂንግ ጎረፉ። ዲሴምበር 15 ቀን 1931 የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሲደርሱ ጻይ ሊያነጋግሯቸው ወጡ። ተማሪዎቹ ጎትተው መሬት ለመሬት አንገላቷቸው፤ ራሳቸውንም በዱላ መቷቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ዓመት ነበር። ከመቷቸው ልጆች ብዙዎቹ ሰውዬው ለተማሪ ምን እንዳደረጉ ሳያውቁ አልቀሩም። ጻይ ግን ነገሩ የጥቂቶች ሥራ መሆኑን፣ ብዙው ወጣት ልቡ ንጹሕ እንደ ሆነ ተናገሩ እንጂ አልተቀየሙም። በሚቀጥለው ዓመት ከሱን ያት ሴን ባለቤት ከሶንግ ቺንግሊንግ ጋር ሆነው የፖለቲካ እስረኞችን መብት የሚከላከል ማኅበር መሠረቱ፤ ለታሰሩት ለጥንቱ ዲናቸው ለቼን ዱሹም ተሟገቱ።

ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም፤ በሻንጋይ በኪራይ ይኖሩ ነበር። በ1935 ጂያንግ ሜንግሊን፣ ሁ ሺ፣ ሉዎ ጂያሉንና ሌሎችም የጥንት ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተን ቤት እንሥራልዎ፣ መጻሕፍትዎም አንድ ቦታ ይረፉ ብለው ጻፉላቸው። ጻይ ብዙ ካመነቱ በኋላ በ1936 አዲስ ዓመት ላይ እሺ ብለው መለሱ። በ1937 ጃፓን ወረረችና ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። ጻይ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደዱ፤ ማርች 3 ቀን 1940 በቤታቸው ውስጥ ወድቀው ታመሙ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። መቃብራቸው በሆንግ ኮንግ አበርዲን በሚባለው ሰፈር በቻይናውያን መካነ መቃብር ይገኛል።